የኪራይ ውል ምዝገባ በወረዳ፦ አንዲት አከራይ እንዳየችው

አስቀድሜ ልናገር፤ አከራይ ነኝ። ይህን ሰምታችሁ ፊታችሁን የምታዞሩ ካላችሁ አልቀየማችሁም። በዚህ ከተማ የአከራይ ስም እንዴት እንደሚነሳ አውቃለሁ። ግን ስለ ኪራይ ውል ምዝገባ የማነበው ሁሉ ወይ ተከራይ የጻፈው ነው፣ ወይ ጠበቃ። ግቢዋ ውስጥ ያሉትን ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች አከራይታ፣ ከጡረታዋ ጋር አብቃቅታ የምትኖር ሴት አገልግሎቱን እንዴት አገኘችው ብሎ የጠየቀ የለም። እኔ ደግሞ ሳልጠየቅም እናገራለሁ። ዕድሜዬን በነርስነት ነው የጨረስኩት፤ ወረፋን ከጠረጴዛው ወዲህም ወዲያም ሆኜ አይቼዋለሁ።

ለማያውቅ ባጭሩ። መጋቢት 24 ቀን 2016 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅን አጸደቀ። ቁጥሩ 1320/2016 ነው። ከዚያ ወዲህ የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሆናል፣ በ30 ቀን ውስጥም ይመዘገባል። ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል፤ እጅ በእጅ ቀርቷል። ጭማሪም አከራይ ደስ ባላት ቀን የምትጥለው ነገር አይደለም። ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ በሚያወጣው ልክ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ተከራይና አከራይ ይህን ይዘው የሚሄዱት ወረዳ ነው። የእኔን ወረዳ አልጠራም፤ ሠራተኞቹ ነገም ይፈለጋሉ።

መጀመሪያ ወረፋውን እንጨርሰው፤ ብዙ የሚባልለት አይደለም። ጠዋት ከሄዳችሁ ይቀላል። ከሰዓት በኋላ «ሲስተም የለም» የምትለዋን መዝሙር ትሰማላችሁ። ሲስተሙ የት እንደሄደ፣ መቼ እንደሚመለስ የሚነግራችሁ የለም። አግዳሚ ወንበር አለ፣ አይበቃም። አንድ ነገር ግን ገርሞኛል፤ ቡና መጠጫ ያለኝ ማንም አልነበረም። ቤት ለማሠራት ስንከራተት የነበረበትን ዘመን ለማያውቅ ይህ ትንሽ ነገር ሊመስለው ይችላል።

የምትመዘግበው ልጅ ወጣት ናት። መታወቂያዬን፣ የተከራዮቼን መታወቂያና የቤቱን ካርታ ኮፒ ተቀበለች። ከዚያ እኔን ትታ ወደ ተከራዬ ዞረች። «የምትከፍሉት 6,500 ነው? ሌላ ከውሉ ውጭ የምትሰጧቸው ነገር የለም?» አለችው። ልጁ እኔን አየኝ። እኔም አየሁት። «የለም» አለ። እውነት ስለነበረ ነው እንጂ ያቺ ጥያቄ ስንቱን አከራይ እንዳላበችው መገመት አያቅተኝም። ለዚህች ልጅ ብቻ አንድ ሙሉ ኮከብ እሰጣለሁ። ቅጽ አስሞልታ፣ ማኅተም መትታ መሸኘት ትችል ነበር። እሷ ግን ጠየቀች።

በዕድሜ የገፋን አከራዮች ምዝገባ ሲባል ለምን እንደምንጨነቅ ወጣቶቹ አይገባቸውም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ ሲባል ልጅ ነበርኩ። አክስቴ ከምትኖርበት ሌላ አንድ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበራት፤ ሄደ። የቀበሌ ቤት ሆነ። የትናንት ተከራይዋ ኪራዩን ለቀበሌ መክፈል ጀመረ፣ ያውም ቀንሶ። በጠዋት ሰላም ይባባላሉ፣ ግን አክስቴ እስክትሞት ያንን በር ቀና ብላ አላየችውም። በዚያው ዘመን የሁለቱ ጠብ በቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ሲታይ አስታውሳለሁ፤ ነገሩ የአጥር ነበር፣ ውስጡ ግን ሌላ። እና ዛሬ «የሚከራይ ቤት ያለው ይመዝገብ» ሲባል የእኛ ዕድሜ ሰው ሆዱ ቢባባ አይፈረድበትም። ጎረቤቶቼ መካከል ቤታቸውን «የእህቴ ልጅ ነው የተቀመጠበት» የሚሉ አሉ። የእህት ልጅ የበዛበት ሰፈር ሆነናል።

ሕጉ ከሰማይ የወረደ ነው የሚሉም አሉ፤ አይደለም። በሚያዝያ 2012፣ በኮሮና ጊዜ፣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ተከራይ ማስወጣትና ኪራይ መጨመር ተከልክሎ ነበር። በ2014ም የከተማው አስተዳደር ጭማሪ አግዷል። ከዚያ በፊት የነበረው የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እሱ ኪራዩን ለባለጉዳዮቹ ስምምነት የሚተው ሕግ ነው። በተግባር ስምምነት የሚባለው ምን እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ተከራይዋን በር ላይ ጠብቆ «ከመጪው ወር 1,000 ጨምሪ፣ ካልሆነ ዕቃሽን ሰብስቢ» ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥቅሙ ልምጣ። ከዚህ ሕግ በፊት የነበረ አንድ ተከራይ ኪራይ «ከፍያለሁ» ይላል፣ እኔ «አልከፈልክም» እላለሁ። ምስክር የለም፣ ደረሰኝ የለም። የእድራችን ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ ቡና ተፈላ፣ ቆሎ ተቆረጠመ፣ ሁለታችንም ተመከርን። ብሩ ግን እንደወጣ ቀረ። አሁን ተከራዮቼ በቴሌብር ይልካሉ፤ ወሩ ሲገባ ስልኬ ይንጫጫል። ከፈለ አልከፈለ የሚል ጭቅጭቅ ከግቢዬ ጠፍቷል። ፍርድ ቤት ቢኬድ ደግሞ ማኅተም ያለበት ወረቀትና የባንክ ዝርዝር ይዞ መቆም እንዴት ያለ ነገር መሰላችሁ። ፍርድ ቤት በር ላይ የተቀመጠው ራፖር ጸሐፊ እንኳ ወረቀቴን አይቶ «ይሄ ካለዎትማ እኔ ምን እጨምራለሁ» አለኝ። ከዚያም የሚጽፈውን ጽፎ ተቀበለኝ፤ እሱም ሥራው ነው።

እዚህ ላይ የጎረቤቴን ነገር ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። ጎረቤቴ ሁለት ውል ጻፈ። አንዱ ለወረዳ፣ 4,000 ብር የሚል። ሌላው ለቤት፣ 9,000 የሚል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የኪራይ ገቢ ግብር እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። ወረዳ የተመዘገበው ወረቀት ገቢዎች ጋ ይታያል ብሎ ፈራ። ተከራዩ ዝም ብሎ ፈረመ። ጥቂት ወር ከፈለ። ከዚያ አንድ ወር 4,000 ብር ላከና ተኛ። ጎረቤቴ በሩን አንኳኳ፤ «በውላችን መሠረት ከፍያለሁ» ተባለ። ተናደደና ወረዳ ሮጠ። ያቺ ልጅ ኮምፒውተሯን ከፍታ «4,000 ነው ጋሼ፣ ተከፍሏል» አለችው። ሁለተኛውን ውል ከኪሱ አውጥቶ ማሳየት ይችላል? ቢያሳይ ራሱን ከሰሰ። ጎረቤቴ ዛሬም ያንን ውል የት እንዳስቀመጠው አይናገርም። ተከራዩ ግን ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደሩ ጋሼ» ይለዋል፣ በጣም በትሕትና። ማን ትክክል ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ ሁለቱም ዓይን ያወጡ ናቸው እላለሁ። ግን ለአገልግሎቱ ነጥብ የምሰጠው እዚህ ላይ ነው። የተመዘገበው ዋጋ በእርግጥም ይሠራል፣ ለዋሸውም ጭምር።

የእኔ ጠብ የመጣው በምጣድ ነው።

የጓሮውን ክፍል የያዙት አዲስ የተጋቡ ልጆች ናቸው። ልጁ ካፌ ይሠራል፣ ልጅቷ እንጀራ ትጋግራለች። ለቤታቸው መስሎኝ ነበር። በኋላ ለሁለት ሱቅ እንደምታስረክብ ደረስኩበት። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ሻሽዋን አስራ ስትጋግር ጭሱ ሳይሆን ሽታው ነው የሚቀሰቅሰኝ። ደግሞ እንጀራዋ ዓይናማ ነው፤ አንጀት ይበላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። ግቢያችን ያለው አንድ የካርድ ቆጣሪ ነው። ሦስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ። የመብራት ታሪፍ ደግሞ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ የሚወደድ ነው። ስለዚህ ልጅቷ ስትጋግር የእኔ ፍሪጅም በውድ ዋጋ ይሠራል ማለት ነው። በዚያ ላይ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲሄድ ተወስኗል።

ነገሩን ልብ በሉልኝ። አንዱ የመንግሥት እጅ ኪራዩን ቆልፎታል። ሌላው የመንግሥት እጅ መብራቱን በየሦስት ወሩ ከፍ ያደርጋል። በመካከል ያለነው እኔና ያቺ ልጅ ነን። እሷ ከእኔ ጋር የምትጣላበት አንድም የግል ምክንያት የላትም፤ እኔም እንደዚያው።

ልጅቷን ጠርቼ «ልጄ፣ በወር 500 ብር ለመብራት ጨምሩ» አልኳት። ባሏ ከውስጥ ወጣና «ማዘር፣ ጭማሪ በሕግ ተከልክሏል» አለኝ። «ኪራይ አልጨመርኩም፣ መብራት ነው።» «ከ6,500 በላይ የሆነ ሁሉ ጭማሪ ነው።» «ታዲያ መብራቱን ማን ይክፈል?» «ውሉ ላይ ምን ይላል?» አለ። ውሉን አወጣን። የወረዳው ቅጽ ስለ ውሃና መብራት ያለው አንዲት አጭር መስመር ናት። እኛ የሞላነው «በስምምነት» ብለን ነው። እዚያው ቆመን የተከራከርነው ስምምነቱ ምን እንደሆነ ነው።

ወረዳ ሄድን። የዚህ ጉዳይ ሰው ሌላ ነው፤ ጠና ያለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል ሰውዬ። ሁለታችንንም አስቀመጠን። ማንንም ሳያቋርጥ አዳመጠ። ከዚያ «እናቴ፣ በኪራይ ስም ከ6,500 አንድ ብር አይጨምሩም» አለኝ። ልጁ ፊቱ ፈካ። «አንተ ደግሞ የተጠቀምክበትን መብራት ትከፍላለህ። ሰው በሌላ ሰው መብራት እንጀራ ጋግሮ አይነግድም።» ልጁ ፊቱ ጠቆረ። «አሁን ምጣዱ በወር ስንት እንደሚበላ አሳዩኝና ልወስን።» ዝም አልን። ማሳየት አንችልም። ያለን አንድ ቆጣሪ ነው፤ እሱ ደግሞ ማን ፍሪጅ ከፈተ፣ ማን ምጣድ ለኮሰ ብሎ አይለይም። ሰውዬው መነጽሩን አወረደ። «እንግዲያው መጀመሪያ ለዩትና ኑ» ብሎ ሸኘን።

በልቤ ተናደድኩ። ስንቱን ሥራ ትቼ የሄድኩት ፍርድ ለመስማት ነበር። ግን ያለው ትክክል ነበር። በዱሮው ጊዜ ይህን ነገር የቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ያየው ነበር፤ እስከ 5,000 ብር ያለውን ክርክር እነሱ ነበሩ የሚጨርሱት። እነሱ «አንቺ 300 ክፈይ፣ አንቺ 200 ተይ» ብለው ይገምሱት ነበር። ይኸኛው ግን ማስረጃ ጠየቀ።

ኤሌክትሪሺያን አመጣን። ወደ ጓሮው ክፍል በሚሄደው መስመር ላይ ለብቻው የሚቆጥር ትንሽ ቆጣሪ ገጠመ። ዋጋውን እኩል ከፈልን፤ ልጁ መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ልጅቷ በዓይኗ ዝም አሰኘችው። አሁን ወሩ ሲያልቅ ልጅቷ ከእኔ ጋር ቆማ ቁጥሩን ታነባለች፣ በስልኳ ፎቶ ታነሳለች፣ አባዝታ ታሳየኛለች። የመጀመሪያው ወር ሒሳብ ከ500 ብር በልጦ መጣ። ባልየው ፎቶውን ደጋግሞ አየ። እኔ ምንም አላልኩም። ዝም ማለት ብዙ ዋጋ አስከፍሎኛል።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ይህን አዲስ ስምምነት ይዘን ሄደን ከተመዘገበው ውል ጋር አያይዙልን አልን። «ሲስተሙ ላይ ቦታ የለውም» ተባልን። በገዛ ወረቀታችን ጽፈን፣ ሁለት ምስክር አስፈርመን አስቀመጥን። ነገ ብንካሰስ አንዱ ወረቀታችን ማኅተም አለው፣ ሌላው የለውም። ትልቁን ጠብ፣ የዋጋና የልቀቅልኝ ጠብ፣ ሕጉ ወስዶልናል። የቀሩን ትንንሾቹ ናቸው። ምጣድ፣ ውሃ፣ የእንግዳ መኪና፣ የሽንት ቤት ጽዳት ተራ፣ ልብስ የሚሰጣበት ገመድ። አንድን ሰው ለሁለት ዓመት «ውጣልኝ» ማለት ካልተቻለ ከእሱ ጋር በገመድ መጣላትም ለሁለት ዓመት ነው። ቅጹ ግን የተሠራው ለትልቁ ብቻ ነው። ሁለተኛ ገጽ ቢጨምሩበት ምን ይጎዳቸዋል? ውሃ በምን ይካፈላል፣ መብራት በምን ይለካል፣ ቤቱ ውስጥ ንግድ ይፈቀዳል ወይ፣ ቀለም የሚቀባው ማን ነው። ከዚያ ወረፋቸው ራሱ በግማሽ ይቀንስ ነበር።

ሌላው ደግሞ ለተከራዮች የማይጥም እውነት ነው። ዱሮ አከራይ ቤት ስትሰጥ ብዙ አትጠይቅም ነበር። ካልተስማማች ታስወጣለች። አሁን ሁለት ዓመት ስለሆነ ምርመራ በዝቷል። ስንት ልጅ አለሽ? ዘመድ ይመጣል? ሌሊት ትሠሪያለሽ? የፊተኛውን ክፍል የያዘው ልጅ ካዛንቺስ ተከራይቶ ይኖር ነበር። ኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ግቢው ፈረሰ፣ እሱም ክፍል ፍለጋ ወጣ። ሚስትና ሁለት ሕፃናት አሉት። ደላላው እኔ ጋ ከማምጣቱ በፊት ልጆች እንዳሉት የሰማ ሁሉ «ሰው ይዞታል» እያለ መለሰው። ሕግ ተከራዩን ከገባ በኋላ ይጠብቀዋል። በር ላይ ለቆመው ግን ምንም አላለውም። ይህ የወረዳው ሠራተኞች ጥፋት አይደለም፣ ከእነሱ ኮከብ አልቀንስም። ግን አዋጁን የጻፉት ሰዎች አንድ ቀን ከደላላ ጋር ሰፈር ለሰፈር ቢዞሩ ደስ ይለኝ ነበር።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ከአምስት ሦስት ተኩል። ለመዝጋቢዋ ልጅ አምስት፣ ለባለ መነጽሩ ሰውዬ አራት፣ ለሲስተሙ አንድ። የቅጹን ጎደሎ ደግሞ አይታችሁታል። አከራዮች ግን ተመዝገቡ፣ ያውም በእውነተኛው ዋጋ። ግብሩ ያማል፣ አልክድም፤ የጎረቤቴ ሕመም ግን ይብሳል። ተከራዮችም «አከራዬ አይፈልግም» ብላችሁ አትተዉት፤ እናንተም ሄዳችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ከመሄዳችሁ በፊት ውሃና መብራቱን እቤት ጨርሱት። «በስምምነት» ብላችሁ እንዳትጽፉ፤ ቆጣሪው የማን እንደሆነ፣ በወር ስንተኛው ቀን እንደሚነበብ፣ ማን እንደሚከፍል በዝርዝር ጻፉ። መስመሯ አጭር ስለሆነች በደቃቅ ጽሑፍ ሙሉት፤ መዝጋቢዋ አትከለክልም። የካርታና የመታወቂያ ኮፒ ቀድማችሁ አዘጋጁ። ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት በምሳ ሰዓት ይዘጋል፣ ሲከፍትም ዝርዝር ብር የለውም።